በእርሳስ የተጻፈው ግድግዳ

የፒንሳ ሚስት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ፍለጋ ከወጣች ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እግሯ ቀጠነ፣ የጫማዋ ሶል ተበላ፤ ስልኳ ላይ «መብራት አንድ»፣ «መብራት ሁለት» እያለች የመዘገበቻቸው ሰዎች አሥራ አንድ ደረሱ። አምፖል የሚቀይርና ሶኬት የሚተክል በየሱቁ ደጃፍ ሞልቷል። የንግድ ሕንፃ ላይ የሚፈርም ሲባል ግን ሁሉም የውሃ ሽታ ይሆናል።

ፒንሳ ባሏ ነበር። ፒንሳው ከኋላ ኪሱ ስለማይጠፋ፣ ሠርግ ቤት እንኳ ይዞት ስለሚገባ፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ብሎ ጠራው፤ እሷም ለመደችው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲያበራ ኖሮ በመጨረሻ ለራሳቸው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አቆሙ፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ ቢሮ። የኤሌክትሪክ መስመሩን በሙሉ የዘረጋው እሱ ነው። ፈቃዱ ለመኖሪያ ቤት ብቻ እንደሆነ ስታስታውሰው «ቤቱ የኔ፣ እጁ የኔ፣ ማን ምን አገባው» ይላት ነበር። ፕላን የሚባል ነገር አልሣለም። የቱ ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጎደለው፣ ያልተለሰነው ብሎኬት ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ምሳ ስታመጣለት ግድግዳውን እየዞረች ታነብና «ይሄን ረስተኸዋል» እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም እየሳቀ መሰላሉ ላይ ይወጣል።

ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ጠዋት መሰላሉ ሥር ወድቆ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ያ የእርሳስ ጽሕፈት ጠላቷ ሆነ። ወደ ሕንፃው በገባች ቁጥር ከየግድግዳው ላይ የሚጠራት እየመሰላት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትሄዳለች። ለሳኝ የሆነውን ታናሽ ወንድሟን ጠራችው።

«ሸፍንልኝ።»

«መጀመሪያ አንብቢው እንጂ እቴ። ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሺው።»

«ሸፍነው አልኩህ።»

በአራት ቀን ለስኖ ጨረሰ። እሷም ያን ሰሞን እፎይ ብላ ተኛች።

አሁን ጣጣው መጣ። ገና ፒንሳ በሕይወት እያለ ፎቁን ለመከራየት የተስማማው የጥርስ ሐኪም ወንበሮቹንና ማሽኖቹን ዓርብ ሊያስገባ ነው። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የንግድ ሕንፃ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይፈርም መስመር አልቀጥልም ብሏል። ሐኪሙ ከቀረ ሌላ የሚጠብቃት ተከራይ የለም፤ ከሕንፃው ሌላም መተዳደሪያ የላትም።

መብራት አራት ሳላይ ልፈርምልሽ ሲል በስልክ ነገራት፤ ሕንፃው የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ፒንሳ እንዲህ ያለውን ሰው «ፊርማ ቸርቻሪ» ይለው ስለነበር ጆሮው ላይ ዘጋችበት። መብራት ሰባት ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አደረገና «እኔ ራጅ አይደለሁም እኮ» ብሎ ሄደ። ሌሎቹ ነገ ይላሉ።

መብራት አሥራ አንድ ማክሰኞ በቀጠሮው ሰዓት መጣ። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ እድሜው የገፋ ሰው ነው።

«ይግቡ ኢንጂነር።»

«ኢንጂነር አይደለሁም እህቴ፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ።»

የማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ሽቦዎቹ ተበጥረው፣ በየቀለማቸው ታስረው ተደርድረዋል።

«ይሄን የሠራ እጁ ይባረክ» አለ።

የፒንሳ ሚስት ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

«ግን በተደበቀ ነገር ላይ አልፈርምም። አንድ ቦታ ልክፈት።»

«ይክፈቱ። ሁሉንም ጽፎታል፤ ከልስኑ ሥር ያገኙታል» አለችው። ስትሸሸው የከረመችውን ጽሕፈት አሁን ለማየት ቸኮለች።

ሐኪሙ በሚገባበት ክፍል ግድግዳ ላይ መሮውን አሳረፈ። ወንድሟ በጥድፊያ ብሎኬቱን ሳያረጥብ ለስኖት ኖሮ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። የባሏ እጅ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ያው ወደ ግራ የተንጋደደው ፊደል። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሽቦው ቀጭን ነው። ለጊዜው። ሳይለሰን ይቀየር።»

ሰውየው ሽቦውን ከቱቦው ጫፍ ስቦ ለካው።

«ለቤት አምፖል ይበቃል። የሐኪሙ ማሽን ሲነሣ ግን ይቀልጣል። ሌላውም ክፍል በዚሁ ሽቦ ከሆነ ሁሉም መውጣት አለበት። ቱቦውም ጠባብ ነው፣ ወፍራም አያስገባም። ግድግዳው በሙሉ ይቆፈራል።»

«ለዓርብ?»

«ወር ተኩል ቢፈጥን ነው። እኔም አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ሳልዋሽዎት ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ በትሕትና ሰማትና ሌላ ቤት አይቶ እንደነበር፣ እሱን እንደሚከራይ ነገራት። «እሺ» ብላ ዘጋች።

ስትመለስ ሰውየው ቱቦው እስከምን እንደሚሄድ ለማየት ሌላ ቁራጭ ልስን አንሥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ዝቅ ብሎ፣ ምሳ ይዛ ስትቆም ከዓይኗ ትክክል በሚውለው ቦታ፣ አንድ መስመር ተጨምሯል።

«ብረሳው አስታውሺኝ።»

«ይሄ ለማን ነው?» አለ ሰውየው።

«ለኔ» አለች።

መሮውን አስቀመጠ። እሷም የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠች፤ ዕንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። ገና የአምስት ክፍል ግድግዳ አልተከፈተም።