የጡሩምባ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ባቆመች ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማታል። ውሻዋ ጡሩምባ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ አየር ሲስብ፣ ጉሮሮው ዘይት እንደጠማው የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሲጮህ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበራ! አሁን ግን ድምፁ ሰልሏል። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

የእንስሳት ሐኪሟ ደጋግማ አይታዋለች። ራጅ ተነሥቶ ነበር፤ ሳንባው ንጹሕ ነው። የተሰነቀረ አጥንትም የለም። ያዘዘችለት ሽሮፕ ጋብ አደረገለትና ተመልሶ ያው ሆነ። ልብስ ሰፊዋን የከነከናት ይኸው ነው፤ ስም ያለው በሽታ ቢሆን ቢያንስ ስሙን ጠርታ ትረግመው ነበር።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ደግሞ "ውሻና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር!" እያሉ ያጉረመርማሉ። ያም ሆኖ "ያ ጉደኛ ዛሬስ በላ?" ሳይሉ አይውሉም።

አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ባሏ ከሩቅ መንገድ ተመለሰ። ጡሩምባ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ በደስታ አበደ። በሩን ቧጠጠ፣ ዘለለ፣ ተሽከረከረ፤ ሹፌሩ ገና "የኔ አንበሳ!" ከማለቱ ደረቱ ላይ ተከመረበት። ከዚያ ያ ሲጢጥታ መጣ። ጭራው አሁንም ይወዛወዛል፤ አየሩ ግን አልገባ አለው። ምላሱ ጠቆረ፣ እግሩ ከዳው፣ ዘፍ አለ።

ልብስ ሰፊዋ በእጇ የነበረውን ቀሚስ ወርውራ ተንበረከከች። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

"ጉልበቴን" እያሉ ከወንበር የማይነሡት አማቷ ባልዲ ውሃ አንጠልጥለው ከተፍ አሉ።

"ምን ትርበተበቻለሽ ልጄ? የአንገት ማሰሪያውን ፍቺለት! አንተ፣ መኪናህን አስነሣ!"

"እማዬ፣ ጭነቱ እኮ አልወረደም!"

"ከነጭነቱ ንዳ!"

ሆዱንና መዳፉን በውሃ አርሰው ተሳፈሩ። ያ ግዙፍ መኪና ክላክሱን እያምባረቀ በጠባቡ መንገድ በረረ። አማትየዋ በመስኮት ብቅ ብለው "ዞር በሉ፣ በሽተኛ ይዘናል!" ሲሉ ትራፊክ ፖሊሱ ደንግጦ መንገድ አስከፈተላቸው። በሽተኛው ባለ ጭራ መሆኑን ያየው ካለፉት በኋላ ነው።

ሐኪሟ ኦክስጅን ሰጥታ በመርፌ አረጋጋችው። ትንፋሹ ሲመለስ፣ ሸለብ እንዳደረገው አፉን ከፍታ በመብራት ጉሮሮውን አየች። ድንገት ቀና አለች።

"አገኘሁት! ኑ እዩ!"

አየር ሲገባ ሊከፈቱ የሚገባቸው ሁለቱ ክዳኖች ሳይላወሱ ተንጠልጥለዋል።

"የሚከፍታቸው ነርቭ ደክሟል" አለች። "ሲደሰት ብዙ አየር ይፈልጋል፤ በሩ ግን አይከፈትለትም።"

"ምን አመጣበት ዶክተር?" አለ ሹፌሩ።

"እሱን አላውቅም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም። ግን አንደኛውን ክዳን ወደ ጎን ስቤ በክር ብሰፋው ይተነፍሳል።"

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። "ስፌት ከሆነማ ምን ትጠብቂያለሽ? ስፊው!"

ቀዶ ጥገናው አልቆ ሲገቡ ጡሩምባ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች፤ ከዚያ የአማቷን ክንድ ጨብጣ ጎተተቻቸው።

"እማማ፣ ያዳምጡ! ያዳምጡ!"

"እኔ ምንም አይሰማኝም።"

"እሱን እኮ ነው የምልዎ!"

ሹፌሩ እናቱንም ሚስቱንም ባንድ ላይ አቅፎ ከመሬት አነሣቸው። ሐኪሟ "ቀስ፣ በሽተኛ አለ!" እያለች ራሷም ትስቃለች።

ድምፁ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሲጮህ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ይመስላል። ምግብም ወደ ሳንባው እንዳይሄድበት መጠንቀቅ አለባቸው። አማትየዋ እህሉን እያድቦለቦሉ በእጃቸው ያጎርሱታል፦ "ቀስ በል፣ ማን ይቀማሃል?" ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮውን እንዳይጫነው ከአሮጌ ጂንስ በደረቱ የሚታሰር ማሰሪያ ሰፋችለት። ገና አየሩ ሳይሞቅ ያንን አስረውለት የሚወጡት አማትየዋ ናቸው፤ እሱ ፊት ፊት እየሳበ፣ እሳቸው ከኋላ "ኧረ ጣልከኝ!" እያሉ፣ ገመዱን ግን ለማንም ሳይለቁ።