የደፈረሱት ጠርሙሶች

ሊሊሴ ነቀምቴ ውስጥ ባለ አንድ የችግኝ ማባዣ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ናት። ከአንጮቴ ሐረግ ቁራጭ እየወሰደች፣ ጠርሙስ ውስጥ በረጋ ምግብ ላይ እየተከለች ችግኝ ታፈላለች። አንጮቴ ሥሩ የሚበላ ተክል ሲሆን ወለጋ ውስጥ የክብር ምግብ ነው፤ ለበዓልም፣ አጥንቱ ለተሰበረም ሰው ይቀቀላል። ችግኙ በብዛት ቢገኝ ገበሬው ይጠቀማል ተብሎ ነበር ሥራው የተጀመረው።

ነገር ግን ጠርሙሱ እምቢ አለ። ቁራጩ ሥር ሳይሰድ ምግቡ ዙሪያውን ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ይደፈርሳል። ባክቴሪያ ነው።

«እጥበቱ ላልቷል» ይላታል የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ተረፋ።

ቁራጩን የምታጥብበትን በረኪና ስታጠነክረው ቁራጩ ነጥቶ ይሞታል። ስታቀጥነው ይደፈርሳል። ክረምቱ በዚህ አለፈ። የእጆቿ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ጨለለቂ ሰፈር ወደ ተከራየቻት ክፍል ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ የምትወድቅባቸው ቀናት በዙ።

በመጨረሻ ምግቡ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ጨምራ ጥርት ባሉ ጠርሙሶች ችግኝ አገኘች። ተረፋ አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣

«ይኸውልሽ! ዲጋ ወዳለው የሙከራ መሬት ውሰጃቸው» አላት።

«መድኃኒት ካልገባባቸው ደፍርሰውም ያደጉ አሉ።»

«እነሱን ጣያቸው።»

ባክቴሪያው እንዳይዛመት ሳይቀቀሉ አይጣሉም፤ ለመቀቀል ደግሞ መብራት የለም። ከተረፋ ጋር መከራከሩም፣ መብራት መጠበቁም ታከታትና ሁሉንም ጭና ሄደች።

ዲጋ ላይ መሬቱን ለሙከራ የሰጧቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ ኦቦ ጉሉማ፣ በር ላይ እንደ ልጃቸው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሏት።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«ሥራ ነው፣ ኦቦ ጉሉማ።»

ጥርት ካሉት ጠርሙሶች የወጡትን ችግኞች በጥላ ዳሱ መሃል ተከለች። የደፈረሱትን ጥግ ላይ በተረፈው ቦታ አስቀመጠቻቸው።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋት። መሃል ያሉት ጠውልገው፣ ግንዳቸው በስብሶ ተኝተዋል።

«ውሃ አልነፈግኋቸውም፤ እግዜር ምስክሬ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፤ በርስዎ አላሳበብኩም።»

ጥጉን ስታይ ግን ቅጠላቸው ለምልሞ ሐረጋቸው የዳሱን ሽቦ መያዝ ጀምሯል። ሊጣሉ የነበሩት ናቸው። መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሊገርማት ይገባ ነበር፤ ለመገረም የሚሆን አቅም ግን አልነበራትም። ስትነሣ ከጉሉማ አጥር ላይ ከተንጠለጠለው አሮጌ አንጮቴ ቁራጭ ቆርጣ ያዘች።

ላቦራቶሪ ተመልሳ ላዩን በደንብ አጥባ፣ ግንዱን በስሱ ቀርፋ በማይክሮስኮፕ አየችው። ጠርሙሱን ሲያደፈርሱ ከከረሙት ጋር የሚመሳሰሉ በትር መሳይ ባክቴሪያዎች ግንዱ ውስጥ ነበሩ። ከውጭ የመጣ ቆሻሻ አይመስሉም። ተክሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አብረውት ይኖራሉ።

ተረፋ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

«እኛ ስንገድል የከረምነው የተክሉን ረዳት ነው ማለት ነው?»

«ይሆናል። አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ጥጉ ጥላ በዝቶለት፣ ወይም መድኃኒቱ ራሱ መሃል ያሉትን ጎድቶ ሊሆን ይችላል።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እንደገና» አለች። ይህን ሥራ ጨርሳ ጊምቢ እህቷ ዘንድ ልታርፍ ነበር ሐሳቧ።

ተረፋ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ደስ ሊለን ይገባ ነበር እኮ።»

«ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ልተኛ።»

ሳቀና ወደ ጊምቢ ሸኛት።

ስትመለስ ከመድኃኒቱ ካገገሙ ንጹሕ ችግኞች ከፊሎቹን ያው ባክቴሪያ በተቀላቀለበት ውሃ ነክራ፣ ከፊሎቹን እንዳሉ ትታ፣ ሁሉንም ቀላቅላ ዲጋ ላይ ተከለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለጉሉማ አልነገረችም፤ ሽማግሌው ሁሉንም እኩል አጠጡ። ከተነከሩት የሚበዙት ጸደቁ፤ የሞቱም አሉ። ካልተነከሩት የተረፉት ጥቂት ናቸው።

«በሚመጣው ክረምት በሰፊው እንሥራው» አላት ተረፋ በስልክ።

«እንሠራለን» አለችው ሊሊሴ። ስልኩን ዘግታ ጉሉማ ካወጡላት በርጩማ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም አልተነሣችም።