የቤቴል ስሞች በአስኮ

«ይኸው፣ እየው! ሌላ ባጫ ነው የሚወጣው እንጂ እኚህ ሰውዬ አይወጡም» አለች የአስኮው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ሰርኬ፣ ስክሪኑን ወደ ሞቲ እያዞረች።

ሞቲ ቅዳሜ ከሰዓትን ሊተኛበት ነበር ያሰበው። ከቤቴል አስኮ ድረስ በታክሲ ተጎትቶ የመጣው የክሊኒኩን ፕሮግራም የሠራው እሱ ስለሆነና ሲበላሽ የሚጠራ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ክሊኒኩ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ቤቴል፣ አንዱ አስኮ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የስም መጀመሪያ ስትጽፍ የመፈለጊያው ሣጥን የቅርንጫፏን ታካሚዎች ብቻ አጣርቶ ይደረድርላታል። መደርደር ነበረበት።

አቶ ባጫ ግድግዳውን ተደግፈው በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ።

«አባባ፣ የማይስማማዎት መርፌ የትኛው ነው?» አላቸው ሞቲ።

«ስሙን እኔ ከየት አውቄ? አንዴ ሊገድለኝ ነበር። ካርዴ ላይ ጽፈውታል፤ እዚሁ ናቸው የጻፉት።»

ዶክተር ውዳሴም የድሮ ካርዳቸውን ሳላይ መርፌ አላዝም ብላ እየጠበቀች ነው።

ሞቲ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየው። ምንም ስህተት አጣበት፤ ይኼ ደግሞ ይብስ አደከመው። ማጣሪያው የቅርንጫፉን ስም የሚወስደው ከገባው ሠራተኛ አካውንት ነው። ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። እዚያ ያለው ስም የሰርኬ አይደለም።

«በማን አካውንት ነው የገባሽው?»

«በደግፌ ነዋ።»

«በቤቴሉ የካርድ ሠራተኛ፣ በደግፌ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ! ስቀጠር አካውንት ክፈትልኝ ብዬ ስደውል፣ ‹ለጊዜው በደግፌ ግቢ፣ ሰሞኑን አስተካክልልሻለሁ› ብለህ ፓስወርዱን የሰጠኸኝ?»

ብሏል። ያን ቀንም ደክሞት ነበር፤ ሞቲን የማይደክመው ቀን ከጠፋ ሰነባብቷል። ምስኪኑ ሣጥን ደግፌ የጠየቀው እየመሰለው የቤቴልን ሰው ሲደረድርላት ከርሟል። ሞቲ አፈረ።

አካውንቷን ከፈተላት፤ ቅርንጫፉ ላይ «አስኮ» ብሎ ሞላ። ሰሞኑን ሰሞኑን ሲባል የከረመው ሥራ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅ አለቀ። ሰርኬ በራሷ ስም ገብታ «ባጫ» ብላ ስትጽፍ የድሮ ካርዳቸው ወጣ። «ፔኒሲሊን እንዳይሰጥ» ይላል፣ በቀይ።

«ላዝዝላቸው ያሰብኩት እሱኑ ነበር» አለች ዶክተር ውዳሴ መጥታ ስታየው፤ ከዚያም ሽማግሌውን ደግፋ ወደ ክፍሏ ወሰደቻቸው።

ሞቲ ቦርሳውን አነገተ።

«በቃ ሂድና ተኛ። ዓይንህ ደም መስሏል» አለችው ሰርኬ።

ከደጅ የታክሲው ረዳት «የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ሞቲ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እስከ ዛሬ የታካሚዎችን ስም ስታጪው ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? አዲስ ካርድ አወጣላቸዋለሁ።»

«ለስንት ሰው?»

«እኔ እንጃ። ወረፋው እስከ አስፋልት እየደረሰ ማን ይቆጥራል? እኚህ ሰውዬ ናቸው አዲስ ካርድ አልፈልግም ብለው ድርቅ ያሉት።»

ሞቲ ፈራ። ስንት ሰው የድሮ ታሪኩ የሌለበት ባዶ ካርድ ይዞ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ አያውቅም። ረዳቱ አንዴ ደግሞ ተጣራ።

ሞቲ ቦርሳውን አውርዶ ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከተቀጠርሽ ወዲህ ያወጣሻቸውን አዲስ ካርዶች ክፈቺልኝ» አላት። «ከመጀመሪያው ሰውዬ እንጀምር።»