የጣሳዎቹ ጾም

የኅዳር ብርድ አቃቂን ከወንዙ በኩል መቆንጠጥ በጀመረበት ሰሞን፣ የእትዬ የሺሐረግ የበረሃ ተክሎች ቅጠላቸውን ያረግፉ ጀመር። ከአጥሩ ወዲህ የምትኖረው ኡምሀኒ ይህን ያወቀችው ከተክሎቹ ሳይሆን ከጎረቤቷ ፊት ነው።

ተክሎቹ ሦስት ነበሩ፤ ግንዳቸው ከሥሩ እንደ እንስራ ያበጠ፣ ቅጠላቸው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ በባዶ የዘይት ጣሳ የቆሙ። የላካቸው በሚሊሺያነት ወደ ኦጋዴን የዘመተው አንድ ልጇ ጣሰው ነው፤ ያመጣቸው ደግሞ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ለጦሩ ስንቅ የሚያመላልሰው የኡምሀኒ ባል፣ ሙሀመድሰዒድ። እናቴ እስክመጣ ትጠብቅልኝ ከሚል ቃል በቀር አብሯቸው የመጣ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የጣሰው ወሬ ጠፋ።

እናቱም አደራውን በምታውቀው መንገድ ያዘች። በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን በጆግ ጠበል ታመጣለች፤ አማትባ፣ የልጇን የክርስትና ስም እየጠራች ሦስቱንም ታጠጣለች። ቅጠል በወደቀ ቁጥር ጠበሉን ታበዛለች፤ ጠበሉ በበዛ ቁጥር ሌላ ቅጠል ይወድቃል። የወደቀውን እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች፤ ከልጇ አካል ምን እንደጎደለ ከቅጠሉ የምታነብ ይመስል።

ኡምሀኒ ነገሩ ገብቷታል። ባሏን ተከትላ ድሬዳዋ በኖረችበት ዘመን ይህ ተክል በየግቢው ነበር። ወራቱ ሲከፋበት ቅጠሉን ጥሎ፣ በሆዱ የቋጠረውን ውሃ አቅፎ ይከርማል፤ ያን ጊዜ አዝኖለት የሚያጠጣው ሰው ሥሩን ያበሰብሰዋል። ግን እንዴት ትንገራት? ውሃ ይቅርበት ማለት ቀላል ነው። ጠበል ይቅርበት ማለት ግን ከእስላም ጎረቤት አፍ ሊወጣ የሚገባ ቃል አልመሰላትም። ለባሏ ብታዋየው ሳቀ። ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ተክል፣ ቀበሌው ቢሰማ፣ አድኃሪ መባሉ አይቀርም አላት። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ጣሳዎቹን ወደ መኪናው ሲያቀብለው እንደነበር ነገራት።

አንድ ረፋድ ላይ ወደ ጎረቤቷ ብትዘልቅ፣ ያንደኛው ተክል ግንድ ላልቶ፣ በጎኑ ተዘርሮ አገኘችው። የሺሐረግ ከጣሳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። በጆጉ የቀረውን ጠበል በሁለቱ ላይ ልታፈስ እጇን ስትዘረጋ ኡምሀኒ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ፣ አሁን የያዛችሁት የምን ጾም ነው?»

«የነቢያት ነዋ። ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እነሱም ጾም ላይ ናቸው። ያገራቸው ደንብ ነው፤ ወራቱ ሲደርስ ቅጠላቸውን አውልቀው፣ ውሃ ሳይሉ ይከርማሉ። እኛን በረመዳን አንድ ሰው ቀን በቀን ውሃ በግድ ቢግተን ምን ይባላል? አንቱም አያስገድፏቸው።»

የሺሐረግ ጆጉን ከጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉን አንቱ ይጠጡት። ጥሙ የጠናው በአንቱ ላይ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች የተረፉትን ጣሳዎች ተጋግዘው፣ ፀሐይ ወደሚያርፍበት የቆርቆሮ ግድግዳ አስጠጓቸው። ገና ሲመጣ የሺሐረግ ጾማቸው አላለቀም ወይ ብላ ጠየቀች፤ የእነሱ ይረዝማል አለቻት ኡምሀኒ። ሁዳዴ ገባ፤ የሺሐረግ ባዶ ቅርንጫፎቹን እየጎበኘች፣ እጇን ሰብስባ ጠበቀች። መጠበቅ ከማጠጣት ይልቅ ከብዷት እንደነበር ከአረማመዷ ያስታውቅ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የሁለቱም ተክሎች ጫፍ አረንጓዴ አወጣ። ከጣሰው ግን አሁንም ወሬ የለም። ኡምሀኒ ቡቃያውን ስታይ ከደስታዋ ሥጋቷ በለጠ፤ በእናቲቱ ልብ ውስጥ ማንም ሊፈጽመው የማይችል ተስፋ የተከለች መሰላት። የሺሐረግ በዚያው ቀን አንደኛውን ጣሳ አቅፋ መጣችና ከደጃፏ አስቀመጠችላት።

«ይሄ አንቺ ዘንድ ይሁን» አለች። «ጣሰውን ውሃ የሚያቀብለው ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ኡሜ። እነዚህን ግን በገዛ እጄ ልገድላቸው ነበር።»

ኡምሀኒ ወደ ጓዳ ገብታ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይዛ ተመለሰችና ለየሺሐረግ ሰጠቻት።

«እንግዲህ ጾማቸውን ያስፈቷቸው» አለቻት። «በጥቂቱ።»