ከባትሪው ገመድ ላይ የታሰረው ዓሣ

አጎቴ ፒልጉ የማስነሻውን ቁልፍ ለሰባተኛ ጊዜ ተጫኑ። ከጀልባዋ ሆድ አንድ «ቀጭ» ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከባሕር ሥር ዛጎል እየጠለቁ የሚለቅሙት እናቴና ሦስት ባልንጀሮቿ ጠዋት ይህችው ጀልባ ባደረሰቻቸው፣ ባሕሩ መካከል ባለው የዝይ ድንጋይ ላይ ናቸው። ድንጋዩን ዐሥር ሰዓት ላይ የባሕሩ ሙላት ይውጠዋል፤ መንገዱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የመንደሩ ጀልባዎች ሁሉ ከንጋት በፊት ወደ ሩቁ ባሕር ወጥተዋል። በሬዲዮ የጠራነው የጠረፍ ጠባቂም ከዐሥር ሰዓት ተኩል በፊት እንደማይደርስ ነግሮናል። ጠላቂ ሴት በውኃ ላይ መቆየትን ታውቅበታለች፤ ነገር ግን ከአራቱ በዕድሜ የምታንሰው ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ የደቡቡም ነፋስ መነሳት ጀምሯል።

«ባትሪው ነው» አሉ አጎቴ።

«ባትሪውን እኮ አሁን ከመኪናዎ አውጥተው ቀየሩት።»

«የኔም ሞቶ ይሆናላ።»

«በሱ አስነስተው አይደል እንዴ እዚህ የመጡት?»

«መምህርት፣ እዚህ ጥቁር ሰሌዳ የለም» አሉና መዶሻ ይዘው ወደ ሞተሩ ክፍል ወረዱ፤ ሞተሩን የሚያዞረውን ሞተሪኖ ሁለቴ መቱት። «አባትሽ ሲያኮርፍበት እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ጀልባዋና ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ሞተሯ ለታናሽ ወንድሙ ለአጎቴ ፒልጉ ተላልፈዋል። እኔ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለዕረፍት ነበር የመጣሁት። ስለ ጀልባ ሞተር የማውቀው ጥቂት ነው። ሆኖም ባትሪው ሞልቶ፣ መብራቱም ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው አልዞር ካለ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ የሚቀርበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ተከትያቸው ወርጄ ከአባቴ የመሣሪያ ሣጥን የቮልት መለኪያውን አወጣሁ።

«እስቲ ላይ ወጥተው ይጫኑልኝ።»

በመጀመሪያ ከባትሪው ቀይ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ለካሁ፤ በዚያ በኩል የሚባክን ነገር አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ አስጫንኳቸውና ከጥቁሩ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ለካሁ። መርፌው ወደ ዘጠኝ ቮልት ዘለለ። ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ አልነበረበትም።

«ማሳው፣ የመመለሻው መስመር ነው» አልኩ። «ኃይሉ ሄዶ መመለሻ አጥቷል። ጥቁሩ ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ብሎን የት ጋ ነው?»

አጎቴ ከመሰላሉ ወርደው መዶሻውን ወደ ሣጥኑ መለሱ። ወደ ሞተሩ ጎን በእጅ መብራት ሳበራ ጥያቄዬን የዘለሉበት ምክንያት ገባኝ። ብሎኑ አይታይም፤ በላዩ በነጭ ክር ተደጋግሞ የተጠመጠመ፣ አፉን የከፈተ ደረቅ ዓሣ አለ። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ዓሣ ከክፉ እንዲጠብቀው ብሎ ከሱቁ በር በላይ ወይም ከመኪናው ጣሪያ ሥር ይሰቅለዋል። አባቴ ግን በረከቱ ከኃይሉ ጋር አብሮ ወደ ሞተሩ ይግባ ብሎ ከገመዱ ጫፍ ጋር አስሮታል። ጨውና ርጥበቱ ለዓመታት ከሥሩ ሲጠራቀም ኖሮ፣ ከክሩ ግርጌ አረንጓዴ ዝገት አብጦ ይታያል።

«ቢላዎን ይስጡኝ።»

«አይሆንም።»

«አጎቴ፣ ጊዜ የለንም።»

«ሰው ባሕር ላይ እያለ ዓሣው አይወርድም። አራት ሴት ነው ውጭ ያለው፤ አንዷ እናትሽ ናት።»

«ለዚህ እኮ ነው።»

«እኔም ለዚህ እኮ ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ወንድሜ ያሰረውን ፈትቼ አንዷ ብትቀርስ? ለልጆቿ ምን ልበል? መለኪያው ዘጠኝ አለ ልበል?»

ቢላውን ከነአፎቱ ጨበጡት። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ። ብነጥቃቸው ቢላውን አገኛለሁ፤ ጀልባዋን የሚነዳ ሰው ግን አላገኝም።

«መኪና ከመኪና የሚያስነሱበት ወፍራም ገመድ ይዘዋል?»

«ለምንሽ?»

«ዓሣውን ሳልነካው ኃይሉን በሌላ በኩል ላዞረው።»

ቢላውን ወገባቸው ላይ ሻጡ። ከዚያም የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው በማይመስል ፍጥነት መሰላሉን ወጡ።

ያመጡልኝን ገመድ አንድ ጫፍ ከባትሪው ጥቁር ራስ ጋር አያያዝኩ። ሁለተኛው ግን የሚነክሰው አጣ፤ ሞተሩ ዙሪያውን በወፍራም ቀለም ተሸፍኗል። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በቤቴ ቁልፍ ፋቅሁት፤ መቆንጠጫውን በሁለት እጄ አጥብቄ ደገፍኩበት።

«ይጫኑ።»

ሞተሩ አቃሰተ፣ ዞረ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

«ዓሣው ሰማን» አሉ አጎቴ ከላይ።

«ገመዱ ነው።»

«እሺ፣ ገመዱም ይስማ።»

እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር አንዴ ከተነሳ ባትሪ አይጠይቅም፤ ፍጥነት ሲቀንሱበት ግን መጥፋት ልማዱ ነው። ድንጋዩ አጠገብ መቀነስ ግድ ስለሆነ ከታች ቀረሁ። አርባውን ደቂቃ በናፍጣ ሽታ ውስጥ፣ ማዕበሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየወረወረኝ አሳለፍኩት። ባሕሩን አላየሁም። የድንጋዩ ስንት እጅ ከውኃ በላይ እንደቀረ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቴም ተውኩት።

በመጨረሻ የሞተሩ ድምፅ ለዘብ አለ። ከራሴ በላይ ርጥብ እግር ጣውላውን ረገጠ። አንድ።

«አንተ ፒልጉ፣ ለተዝካራችን ነው የመጣኸው?» ከእናቴ ጋር የወጣችው የአክስቴ ጆምሱን ድምፅ ነበር።

ሁለት። ወዲያው ሞተሩ ተንተባተበና ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ ሲገፋት በእግሬ ተሰማኝ።

«ኢንሱክ» አሉ አጎቴ። በስሜ ጠሩኝ እንጂ መምህርት አላሉኝም።

መቆንጠጫው ከቦታው ተንሸራትቷል። የፋቅሁትን ቦታ በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። «ይጫኑ!»

ብልጭታ እጄን ለበለበኝ፤ ሞተሩ ተነሳ።

ሦስት። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፤ የመረብ ከረጢት እንጂ እግር አይደለም። ሌላ ከረጢት ተከተለ። እናቴ የሁሉንም ዕቃ ሳታስቀድም እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላገዘኝም። ከረጢቶቹን መስማት ትቼ እግር ብቻ ጠበቅሁ። በሞተሩ ክፍል ክዳን በኩል ቀዝቃዛ ውኃ አንገቴ ላይ ፈሰሰ።

«እታች ያለው ማን ነው?» አለች እናቴ፣ ልክ ከራሴ በላይ።

«ልጅዎ ናት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ገመዱን ይዛለች» አሉ አጎቴ። «አያናግሯት።»

አራት፣ አልኩ ለራሴ። እጄን ግን ከመቆንጠጫው አላነሳሁም።