ለሰማዩ አርባ ደቂቃ

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ሰባት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር አለ። የአየር መንገዱ ድረ ገጽ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይደረሳል ይላል። የጻፈው ሰው እኛ ሆስፒታል ሠርቶ አያውቅም።

እኔ የምስል ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ዕጢ የት የት እንደተሰራጨ ለማየት ታማሚውን የምንወጋው መድኃኒት የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ የጨረር ኃይሉም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የጉዞውን ሰዓት ማዘዣው ላይ እሞላለሁ፤ እነሱም በዚያው ልክ አብዝተው ይልካሉ። ሁልጊዜ "ለሰማዩ" ብዬ አርባ ደቂቃ እጨምራለሁ። አለቃዬ ብክነት ነው እያለ ሲነዘንዘኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬዋለሁ።

ትናንት የዛሬውን ማዘዣ ስሞላ ግን ከአራቱ ተመርማሪዎች አንዷ እናቴ ነበረች። ለእናቷ ብላ አስጨመረች እንዳልባል አርባዋን ደቂቃ ተውኳት። እናቴንም አራተኛ አደረግኋት። ለሰው አፍ መጨነቅ የጀመርኩት እንግዲህ ያን ዕለት ነው።

ዛሬ ጠዋት አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሣ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጉም ሆነና መዞር ጀመረ። ሹፌራችን ከማረፊያው በየአምስት ደቂቃው እየደወለ አሁንም ይዞራል ይለኛል። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ሐብሏን አውልቃ እጄ ላይ አኖረችው፤ ብረት አይፈቀድም ብያት ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ለነገ ቀጥሯታል። የዛሬውን ምስል ካላየ ግን አይነካትም፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለሁለት ወር የለም። ዕጢው ሁለት ወር እንደማይጠብቅ አልነገርኳትም።

አርባ ደቂቃ ዞረ። ልክ አርባ።

መድኃኒቱን ስለካው ለሦስት ሰው ብቻ ይበቃል። ለአራት ብናካፍለው የአራቱም ምስል ይደበዝዛል። የክፍላችን ዶክተር ቁጥሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሦስተኛው ማን ነው?"

"አንድ አናጢ ናቸው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ነው የመጡት።"

"ተራውን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

አልዋሽም፣ እናቴን በሳቸው ተራ ላስገባት ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስወጋ ሐብሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይሰማኛል።

የኮሪደሩን በር ስከፍት እናቴ እሷን የጠራሁ መስሏት ብድግ አለች። አናጢው ከጎኗ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

"ጋሼ፣ ይግቡ" አልኳቸው።

እናቴ እንደቆመች ቀረች። ሐብሉን ከኪሴ አወጣሁና ዞር እንድትልልኝ ነገርኳት።

"ቀረ?" አለችኝ።

"ቀረ።"

"አውሮፕላኑ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

መቆለፊያው አልያዝ አለኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። እሷ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ልካ፣ እጄን ከነሐብሉ ያዘችው።