የባሕር ማዶ ወንፈል

አቶ ገብረየሱስ ወረቀቱን አልፈረሙበትም። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ቀና ብለው አመተሥላሴን ተመለከቷት።

«ወንፈል ይላል።»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኛ የምንመልሰው መቼ ነው? የትስ ሄደን?»

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ከተቀመጡት ሠላሳ ከሚሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች መካከል ማንም አልሳቀም። አመተሥላሴ ጥያቄው ቀልድ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች።

ቃሉ የእርሷ ነበር። በግሼ ወረዳ የዲያስፖራ ጉዳይ ባለሙያ ሆና ከተመደበች ወዲህ ይህ አራተኛው የድጋፍ ጥሪዋ ነው፤ ሦስቱ መልስ አላገኙም። በጦርነቱ የተቃጠለው ወፍጮ እንዲተካ ጀርመን ላሉት የግሼ ተወላጆች ማኅበር ስትጽፍ «እርዳታ» የሚለውን ሰረዘች፤ «ልገሳ» የሚለውንም ሰረዘች፤ በመጨረሻ ጎረቤት ከጎረቤት ጉልበት የሚበዳደርበትን «ወንፈል» አለች። ያምራል ብላ ነበር። ማኅበሩም ወዶት መንደሩ በሚፈርመው ቃለ ጉባኤ ረቂቅ ውስጥ እንዳለ አስገባው። አባላቱ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተሰብስበው ይወስናሉ። የተፈረመው ቃለ ጉባኤ እስከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ካልደረሳቸው የወፍጮው ሞተር ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ቀበሌ ይሰጣል፤ የዚህ መንደር ሴቶችም ገብስ ለማስፈጨት ተሸክመው ራቤል ከተማ ድረስ ሲወጡ አራተኛ ዓመታቸውን ይይዛሉ።

ጎህ ሲቀድ ጀምራ በእግሯ የወረደችው መንገድ ጉልበቷ ላይ ይሰማታል። መልስ ያጡት የሦስቱ ጥሪዎች ድካም ግን የት እንደሚሰማት ራሷም አታውቅም።

«ቃሉን ለማሳመር ነው እንጂ፣ ጋሼ…»

«ወንፈል ማሳመሪያ ሆነ?»

«እኔ የለሁበትም፣ አያ ገብረየሱስ!» አለች አማከለች ከሴቶቹ መካከል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋ የሚታጨደው በወንፈል ነው። «ጀርመን ሄጄ ምን ልረም? በረዶ?»

«አንቺማ ምላስሽን ይዘሽ ከሄድሽ ማጭድም አያስፈልግሽም» አሉ ሽማግሌው። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ሲበርድ አቶ ገብረየሱስ ወደ አመተሥላሴ ተመለሱ። «ለእኔ የዋለልኝን ሰው ቀኑን ሳልመልስለት ብሞት ልጆቼ ይመልሱለታል። የሰው ጉልበት በልቶ መቅረት እዚህ ነውር ነው፣ ልጄ። የማንመልሰውን አንፈርምም።»

«እርዳታ ብዬ ልለውጠው?»

አማከለች ፊቷ ተለወጠ። «ስንዴ ተሰፍሮልን እናውቃለን፣ እቱ። ያን ጊዜ ማሳው ባዶ ነበር፤ ተቀበልን። ዘንድሮ ግን ገብሳችን ጎተራ ገብቷል። የጎደለን መፍጫ ነው።»

አመተሥላሴ እስክሪብቶዋን አየች። አንድ ቃል ብትሰርዝ ምናልባት ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተው ይፈርሙ ይሆናል። ሞተሩ ይመጣል፤ እርሷም ለአንድ ጊዜ እንኳ የተሳካ ሪፖርት ትጽፋለች። እስክሪብቶውን ከደነችውና ኔትወርክ ወደሚገኝበት፣ ከመቃብሮቹ አጠገብ ወዳለው ጉብታ ወጣች። አቶ ገብረየሱስ ተከተሏት፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተነሡ።

ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ የደወለችለት የማኅበሩ ሊቀ መንበር በኃይሉ የዚሁ መንደር ልጅ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ገና መግባቱ መሆኑን ድምፁ ያስታውቃል። ነገሩን ነገረችው።

«ቃሉን አውጪውና አስፈርሚያቸው፣ እህቴ። እኛ ከእነርሱ ምንም አንፈልግም።»

«እነርሱ መመለስ ይፈልጋሉ» አለች። ሳታስበው አፏ ላይ የመጣላት ይህ ነበር።

ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «በኃይሉ፣ ገብረየሱስ ነኝ። ቀንህን ንገረን።»

«ጋሼ! እንደምን ሰነበቱ… የምን ቀን?»

«የምንውልልህን ቀን። የማን ማሳ ላይ እንዋልልህ?»

«እኔ እኮ እዚያ ማንም የለኝም፣ ጋሼ። ማሳውም ቤቱም የለም። እናቴም ያረፈችው እዚህ ነው።»

«አባትህስ?»

«አባቴማ…»

«እዚሁ አጠገቤ ነው። የመቃብሩ ካብ በክረምቱ ጎርፍ ተንዶ ከብት ይረግጠዋል። አንድ ቀን ውለን እንክበዋለን።»

ከስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ቅዳሜ» አለ በኃይሉ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። «ቅዳሜ ይሁንልኝ። ያን ቀን ሥራ ስለማልገባ እደውላለሁ።»

«ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ ልጄ። ድንጋይ አይነሣም። ረስተኸዋል።»

«ረስቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ማክሰኞ እንበል።»

«ማክሰኞ።»

አቶ ገብረየሱስ ስልኩን ለአማከለች አቀበሉ፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ስማቸውን በእርጋታ ጻፉ። ከዚያም ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ለአመተሥላሴ ሰጧት። «ጻፊ። በኃይሉ፣ ማክሰኞ። ከማኅበሩ የሚቀጥለው ማነው?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ማኅበሩ አርባ አባላት አሉት፤ ከሠላሳው ፊርማ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው። አመተሥላሴ እንቸኩል ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ጻፈች።

ከስልኩ ውስጥ የአባላቱ መዝገብ ሲገለጥ ተሰማ።

«ጽናት የምትባል አለች» አለ በኃይሉ እያመነታ። «እዚሁ ጀርመን የተወለደች ናት። የማን ወገን እንደሆነች ግን አላውቅም፤ እርሷም የምታውቅ አይመስለኝም።»

አማከለች ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የአባቷን ስም ብቻ ንገረን» አለችው።